ክንዳቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ስለዘረጉት ግለሰብ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፦

በቅድሚያ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ያለኝን ምኞት በትሕትና አቀርባለሁ፤ ለወግ ያህል ያልኩት እንዳይመስልዎት፣ ጤና ምን ማለት እንደሆነ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በደንብ ገብቶኛል። እኔ የሠላሳ ስድስት ዓመት ልብስ ሰፊ ነኝ። የፕሮስቴት ካንሰር ይዞኛል፤ አከርካሪዬም ላይ ደርሷል። በዚህ ዕድሜህ እንዴት ብሎ የማይጠይቀኝ ሰው የለም፤ እኔ ግን መልስ መስጠቱ ስለሰለቸኝ፣ በእርስዎ እጅ ስላለው ነገር ብቻ እጽፍልዎታለሁ።

አንደኛ። የዛሬ ዓመት ሽንት እያስቸገረኝ ወደ ተቋምዎ ስመጣ፣ አባቴ ልጄ ብቻውን አይሄድም ብሎ አብሮኝ መጣ። ሐኪሙ ይህ በሽታ በዘር ሊመጣ እንደሚችል ነግሮን የደም ምርመራ አዘዘልኝ። ወረቀቱን ለላቦራቶሪው አስረክቤ፣ አባቴን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ፣ ካርዴን ማኅተም ላስመታ ሄድኩ። ባለሙያዋ ብቅ ብላ ወረቀቱን አየች፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሽበታም አየች፣ ስም መጠየቁን ትርፍ ሥራ አድርጋው ክንዱን እንዲዘረጋ አዘዘችው። አባቴ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ሲያዘው ለምን የሚል ሰው አይደለም፤ ዘረጋ። ስመለስ ጥጥ ክንዱ ላይ ተጭኖ አገኘሁት። በዘር የሚሄድ ስለሆነ ከአባት ይጀምራሉ ማለት ነው አለኝ፤ እኔም መርፌ ስለምፈራ ደስ እያለኝ ተስማማሁ። ሁለታችንም ሞኞች ነበርን፤ ሞኝነታችንን ያለ ወረፋ ስላስተናገዳችሁልን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሁለተኛ። ውጤቱ በእኔ ስም «ጤናማ» ተብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ወገቤን ባመመኝ ቁጥር ሐኪሞችዎ ያንን ንጹሕ ወረቀት እያዩ ጥፋቱን በስፌት መኪናዬ ላይ አላከኩ። ወንበር ቀየርኩ። ፍራሽ ቀየርኩ። አንዱማ ተቀምጬ እንዳልሰፋ መከሩኝ፤ ቆሞ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ የሚያውቁ ከሆነ ቢያስተዋውቁኝ ደስ ይለኛል። እንዲህ እያልን ዘጠኝ ወር አለፈ። አንድ ቀን የደንበኛ ሱሪ ልለካ ተንበርክኬ መነሳት አቃተኝ፤ ደንበኛዬና ሚስቴ ደግፈው አነሱኝ። ሌላ ቦታ ሄጄ ደሜ፣ የራሴው ደም፣ ሲመረመር ነገሩ ሁሉ ታወቀ።

ሦስተኛ፣ ያስጻፈኝም ይኸው ነው። አቤቱታ ሳቀርብ በሳምንቱ መለሱልኝ፤ ከተቋምዎ በፍጥነት ያገኘሁት ብቸኛ አገልግሎት ነው። ደብዳቤዎ «ናሙናውን የሰጡት ግለሰብ ክንዳቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ስለዘረጉ ተቋሙ ኃላፊነት አይወስድም» ይላል። ለአጻጻፉ ጥራት አድናቆቴ ይድረስዎ። ሆኖም ፖስታውን የተቀበለው አባቴ ነበር። መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አብሮን ገበታ አይቀርብም፤ ሙቀት ቢሆንም እጅጌውን አይሰበስብም። ትናንት መድኃኒቴን ሲያቀብለኝ፣ «ልጄ፣ ምናለ ያን ቀን ቤት በቀረሁ» አለኝ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም ብዬ እስኪታክተኝ ነግሬዋለሁ፤ አያምነኝም፤ ልጁ ስለሆንኩ አዝኜለት የምለው ይመስለዋል። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ግን ያምናል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ካሳ አልጠይቅም። ባለሙያዋም ከሥራዋ እንድትባረር አልፈልግም፤ ወረፋው እንዴት እንደሚያጣድፋት አይቻለሁ። የምለምነው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ጥፋቱ የእኛ ነው፤ የእርስዎ አይደለም» ተብሎ፣ በአባቴ ስም፣ ከነማኅተሙ። እኔ ደክሞኛል። አባቴን እንዲህ እንደሆነ ትቼው መሄድ ግን እፈራለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ጎንበስ ማለት ስለተከለከልኩ በልቤ ብቻ እጅ የምነሳዎት፣

የዘወትር ታካሚዎ፣
ልብስ ሰፊው

ማስታወሻ፦ መልስዎ ቢዘገይና እኔን ባያገኘኝ አይጨነቁ፤ ተቀባዩ አባቴ ነውና ይጠብቅዎታል። የእርስዎው ላቦራቶሪ እንዳረጋገጠው፣ እሱ ፍጹም ጤነኛ ነው።