ቦርሳ ጠባቂዋ ባሕር ገባች

ውድ ቬርና፣

ስልክሽን ስለዘጋሽው ነው የምጽፍልሽ። ዛሬ ስቅለት ነው፤ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል። ኦርሊን ነገ በማለዳው አውሮፕላን ወደ ትሪኒዳድ ትመለሳለች። የፋሲካ መዝሙር አለባት፤ ያለ እሷ ድምፅ ትንሣኤ የሚቀር ይመስላታል። ይህን ደብዳቤ ሳን ፈርናንዶ ቤትሽ ድረስ አምጥታ በእጅሽ ትሰጥሻለች፤ አንብበሽ እስክትጨርሺም ከደጃፍሽ ንቅንቅ እንዳትል አስምያታለሁ። ነርሷ ጋ ደውለሽ «አልጋዬን ለሌላ ሰው ስጡ» ከማለትሽ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቢው። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን አድርጊ።

ቀትር ላይ ስትደውይ በረንዳው ላይ ነበርን። ኢንድራ ዓሣ ትጠብሳለች፣ እኛ የዓመቱን ዕጣችንን በቅርጹ ልናይ እንደየዓመቱ ልክ በስድስት ሰዓት የእንቁላሉን ነጭ በውሃ ብርጭቆ ውስጥ ጨምረን ፀሐይ ላይ አስቀምጠናል። የኦርሊን ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ወጣላት። «ሠርግ ነው ማለት ነው! በስልሳ አንድ ዓመቴ ማን ሊያገባኝ ነው?» ብላ በሳቅ ፈረሰች። ኢንድራ «እኔ ሂንዱ ነኝ፣ እንቁላላችሁ አይመለከተኝም» ትላለች፤ ከሁላችን በላይ አጎንብሳ ብርጭቆውን የምትመረምረው ግን እሷው ናት። የእኔ ምንም ቅርጽ አላወጣም። «ይሄ ጠዋት ስትነሺ ጸጉርሽ ነው» አለችኝ። በዚህ ስንሳሳቅ ስልኩ ጮኸ።

«ጆስሊን» አልሽኝ። «ሣጥን ነው የወጣልኝ።»

«የምን ሣጥን?»

«የምን ሣጥን ትላለች እንዴ! የሬሳ ነዋ! ረጅም፣ ባንድ ወገኑ የሾለ። ሦስቴ ዓይኔን ጠርጌ አየሁት። እናቴም በሞተችበት ዓመት ይኸው ነበር የወጣላት። በቃ፣ ማክሰኞ ሆስፒታል አልገባም። ልቤን ማንም አይከፍተውም። ነገ ደውዬ አልጋውን እመልሳለሁ።»

«ሐኪሙ ያለውን ረሳሽው? ይሄ ቧንቧ ካልተጠገነ እስከ ገናም አያደርስሽ አላለም?»

«ሐኪሙ እንቁላሉን አላየም» አልሽና ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። አምስት ጊዜ መልሼ ደወልኩ።

አሁን ያለፈውን ፋሲካ ላስታውስሽ። ከባሕር ወጥተሽ አሸዋው ላይ ቁጭ እንዳልሽ ትንፋሽ አጠረሽ፣ ከንፈርሽ ጠቆረ። ሦስታችንም ተንበርክከን «እባክሽ ሐኪም ይይሽ» ብለን ለመንንሽ። አንቺ ግን ትንፋሽሽ ገና መለስ ከማለቱ እጅሽን ዘርግተሽ መልህቋን ጥላ የምትወዛወዘውን የዓሣ አጥማጁን የዴዝመንድን ጀልባ አሳየሽን። «ጆስሊን እዚያች ጀልባ ድረስ ዋኝታ በእጇ የነካቻት ዕለት እኔም ቢላዋ ሥር እተኛለሁ። ጌታ ምስክሬ ነው!» አልሽ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አሻፈረኝ ማለትሽ እንደሆነ ለሁላችንም ገብቶናል።

መቼም ሳቁ ያለ ምክንያት አልነበረም። አራታችን ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጠን ቴምብር ከምንሸጥበት ጊዜ ጀምሮ፣ ሃያ ስድስት ፋሲካ እዚሁ ካስታራ ባሕር ዳርቻ መጥተናል። ሃያ ስድስቱንም ጊዜ እናንተ ሦስታችሁ እየጮኻችሁ ባሕር ስትገቡ እኔ ከለውዙ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ቦርሳና ጫማ ጠብቄያለሁ። «ቦርሳ ጠባቂ» ብለሽ ስም ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ። ማንም ቢያገኘው የማያነሳውን ሻንጣችሁን እንደ ባንክ ዘበኛ ስጠብቅ ኖርኩ። ጨዋማ ውሃ ቆዳዬን ያሳክከኛል ያልኩሽ ውሸት ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ማያሮ ዳርቻ ላይ ማዕበል ወስዶኝ ነበር። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባል የለ? እኔንም እየሳቅሁ ነው የወሰደኝ። አባቴ በጸጉሬ ጎትቶ አወጣኝ። ይህን ለባሌም አልነገርኩትም። የደሴት ልጅ ሆኜ ባሕር እፈራለሁ ብዬ ማን ፊት አወራለሁ?

ሌላም ውሸት አለ። ዓመቱን ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ የማኅበር ስብሰባ አለብኝ ስልሽ የነበረው፣ ስብሰባ አልነበረም። መዋኛ ገንዳ ነበር የምሄደው። ለጀማሪ ያለው ክፍል አንድ ብቻ ስለሆነ ስልሳ ሦስት ዓመቴን ይዤ ከስድስት ዓመት ልጆች ጋር ተሰለፍኩ። አንዲቷ ጥርሰ ወላቃ በየሳምንቱ «አያቴ፣ ውሃ ውስጥ ሲገቡ አፍዎን ይዝጉ እንጂ!» እያለች ታርመኝ ነበር። ስንቴ ትቼው ልሄድ አስቤ ያ የጠቆረ ከንፈርሽ ፊቴ ድቅን ይልብኛል። እወድሻለሁ ቬርና። በአርባ ዓመት ጓደኝነታችን ይህን ቃል ተናግሬሽ አላውቅም፤ አንቺን ማጣት ግን ከባሕሩ በልጦ አስፈራኝ።

በየካቲት ገበያ መሃል ወድቀሽ፣ ሐኪሙ ቀን ሲቆርጥልሽ እሺ ስትዪ ተመስገን ብዬ ነበር። እንግዲህ ዋናው ለራሴ ደስታ ይሁን፣ ጀልባዋ ጋ ባልደርስም ግድ የለም፣ አልኩ። ይባስ ብሎ ትናንት እዚህ ባሕር ሞክሬ አፈርኩ። ገንዳ ማዕበል የለውም። ገና አራት ጊዜ እጄን ሳወናጭፍ አንዱ ፊቴን በጥፊ አለኝ፤ ግማሽ ባሕር ጠጥቼ በአራት እግሬ እየዳህኩ ወጣሁ። ኢንድራ ፎጣ ስታለብሰኝ «አይዞሽ፣ ለዘንድሮ ይበቃሻል» አለችኝ፤ እኔም ይበቃኛል ብዬ ተኛሁ።

ዛሬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስትዘጊው ግን ገብቼ የመዋኛ ልብሴን ለበስኩ። ኦርሊን በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች።

«በስቅለት ቀን ባሕር? አብደሻል? እናቶቻችን እንዳሉት ዓሣ ትሆኛለሽ!»

«ልሁና! ዓሣ ከሆንኩ ዋናው ይቀለኛል።»

«ጆስሊን፣ በዚህ አይቀለድም! የአክስቴ ጎረቤት...»

«የአክስትሽን ጎረቤት ዓሣ ሆና ያያት ማን ነው?»

«እሱስ ማንም አላያትም» አለች ኦርሊን። «ከዚያ ወዲያ ማንም አላያትም!»

መቼም ታውቂያቸዋለሽ፣ ዛሬ አንድም ዓሣ አጥማጅ ውሃ አይነካም። ጀልባዎቹ ሁሉ መልህቅ ጥለው ተደርድረዋል፤ ወንዶቹ አሸዋው ላይ ካርታ ይጫወታሉ። ዴዝመንድ ሲያየኝ ካርታው ከእጁ ወደቀ።

«ታንቲ ጆስሊን! እርስዎ ደግሞ ወዴት ነዎት?»

«ጀልባህ ዘንድ።»

«ኧረ ዛሬ ባሕር አይገባም! ነገ ይሁንልዎ።»

«ነገ ጎህ ሳይቀድ ይዘሃት ልትሄድ? ዛሬ ነው።»

«እንግዲህ ማለዳ በመረቤ ብይዝዎት እንዳይቀየሙኝ!»

በሳቃቸው ታጅቤ ገባሁ። ኢንድራ «እኔ ሂንዱ ነኝ፣ ዓሣ አልሆንም» እያለች እስከ ውሃው ጠርዝ ተከተለችኝ። የመጀመሪያው ሞገድ ሲመጣ ግን ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ኋላ ዘለለች። «ለማንኛውም» አለች።

ከዳር እስከ ጀልባዋ መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። አንቺ እያወራሽ የምትዋኚው መንገድ ነው። እኔ ግን እንዳልደነግጥ አእምሮዬን የሚይዝ ነገር ፈለግሁና ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስንለይ እናደርግ እንደነበረው ከተሞቹን ከደቡብ ወደ ሰሜን እጠራ ጀመር። ፒናል፣ ትንፋሽ። ዴቤ፣ ትንፋሽ። ሳን ፈርናንዶ። ክላክስተን ቤይ ላይ ማዕበሉ መጣ፤ አፌን ዘጋሁ፤ ጥርሰ ወላቃዋን መረቅኋት። ኩቫ። ቻጓናስ ስል እጄ እንጨት መታ።

ነካኋት ቬርና! ቢጫዋን ጀልባ፣ «በጌታ ጊዜ» ተብሎ ከተጻፈባት ሥር፣ በዚህ በምጽፍበት እጄ ነካኋት! የመልህቁን ገመድ አንቄ ይዤ እንደ እብድ ጮኽሁ። ዳር ላይ ካርታው ወደ ሰማይ ተበተነ፣ ሰዉ አጨበጨበ፣ ኦርሊን ፋሲካ ሳይደርስ ሃሌሉያዋን ለቀቀችው። በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም፤ ልጄን ስድርም እንደዚያ አልኮራሁም።

ከዚያ «በሉ ኑና ውሰዱኝ!» ብዬ ተጣራሁ።

ጭብጨባው ቆመ። «ታንቲ» አለ ዴዝመንድ ከዳር፣ «ዛሬ ስቅለት ነው እኮ!»

«ስቅለት መሆኑን አውቃለሁ!»

«ሦስት ልጆች አሉኝ! ዓሣ መሆን አልችልም!»

አንድ ጓደኛው ገመድ ወረወረ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ወደቀ። ኢንድራ እግሮቿን ታያለች። ለካ ዓመት ሙሉ ያሰብኩት መድረስን ብቻ ነው፤ መመለስ የሚባል ነገር እንዳለ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ጀልባዋ ላይ እንዳልወጣ ክንዴ ዝሏል። ዝም ብዬ ተንጠለጠልኩ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ አለቀስኩም።

እንደዚያ ተንጠልጥዬ አንገቴ ከውሃው ጋር እኩል ሆኖ ጀልባዋን ቀና ብዬ አየኋት። ረጅም ናት። ባንድ ወገኗ ሾላለች። ያን ጊዜ ያልሽኝ ቃል ጆሮዬ ላይ ደወለ። አንቺ ሴት! የባሌን የሩፐርትን ሣጥን አብረን አልመረጥንም እንዴ? ሱቁን ሙሉ ዞረን ሁሉም አራት ማዕዘን አልነበረም? ባንድ ወገኑ የሾለ የሬሳ ሣጥን የት አየሽ? ያየሽው ጀልባ ነው! እናትሽም ቢሆኑ በዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው የሞቱት፤ ለዚያ እንቁላል አያስፈልግም። ፍርሃትሽ ነው በብርጭቆው ያየሽው፤ የእኔው ፍርሃት ሃያ ስድስት ዓመት ከዛፍ ሥር እንዳስቀመጠኝ ያንቺው ደግሞ ሊገድልሽ ነው።

ንዴት ጉልበት ይሰጣል። ገመዱን ለቀቅሁ። አልሞት ባይ ተጋዳይ ነው፤ ከተሞቹን ወደ ኋላ ጠራኋቸው። ቻጓናስ። ኩቫ። ክላክስተን ቤይ ላይ ባቴ ተሸማቀቀብኝና ሰመጥኩ፤ ጨው ጠጣሁ፤ ተነሳሁ። ዳር ላይ ሁሉም ባንድ ድምፅ «ነይ! ነይ! ነይ!» ይላሉ። ማንም እግሩን ውሃ ሊያስነካ አልደፈረም፤ ጩኸታቸው ግን እስከ እኔ ደረሰ፤ እውነት እልሻለሁ፣ ያ ጩኸት ገመድ ነበር። ሳን ፈርናንዶ ብዬ እግሬን ስዘረጋ አሸዋ ረገጥሁ።

ዴዝመንድ ሮጦ መጥቶ ቁርጭምጭሚቴን ጎንበስ ብሎ መረመረ። «እግር ነው!» ብሎ ለሕዝቡ አወጀ። «ጅራት የለም! ሁለቱም እግር ነው!» አሸዋው ላይ ተሸክመውኝ ዞሩ። ተመልሰን ስናይ የኢንድራን አንድ ጫማ ውሻ ወስዶታል፤ ቦርሳዎቹን የጠበቀ ሰው አልነበረማ። ይኸው እስካሁን ባዶ እግሯን እየሄደች ትራገማለች።

እንግዲህ ተራው ያንቺ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ጌታን ምስክር የጠራሽውም አንቺው ነሽ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኟ እኔ፣ ወረቀቱ ይኸው። ክጄ እወጣለሁ እንዳትዪ ከታች ሦስት ምስክሮች ፈርመዋል።

እኔም ቀሪውን ሳምንት ትቼ ሰኞ እመጣለሁ። ማክሰኞ አብረን እንሄዳለን። ስለ አንቺ ገብቶ የሚዋኝልሽ እንደሌለ ዛሬ ከጀልባዋ ሥር ተምሬያለሁ። ዳር ቆሜ ግን ነይ፣ ነይ እያልኩ እጮኻለሁ፤ ነርሶቹ ቢያባርሩኝም ከደጅ ሆኜ እጮኻለሁ። አንቺ ብቻ ነቅተሽ እስክትመጪ ስለ ምንም ነገር አታስቢ።

ቦርሳሽን እኔ እጠብቅልሻለሁ።

እስካሁን ቅርፊት ያላወጣችው ጓደኛሽ፣
ጆስሊን

ምስክሮች፦
ኦርሊን፦ አይቻለሁ፤ ሃሌሉያ። በርሽ ላይ ቆሜያለሁ፣ እሺ በይ።
ኢንድራ፦ አይቻለሁ። ጫማዬን ከዳነች በኋላ ቬርና ትገዛልኛለች።
ዴዝመንድ፦ ሁለቱም እግር ነው።