የዘሐራ ድድና ጥፍር

ሸሕዲ፣ ኅዳር ፲፰ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.

የክፍለ ሀገሩ የጤና ኃላፊ ከሆንሁ ወዲህም ቢሆን የሕፃናት ልብ ማዳመጥ የተረሳኝ አይመስለኝም ነበር። ዛሬ በቀበሌው አዳራሽ ሕፃናት ስመረምር ግን ግራ ተጋባሁ።

የጨርቅ ነጋዴዋ የወይዘሮ ፋጡማ ልጅ ዘሐራ ስምንት ዓመቷ ነው። በልቧ ምት መሐል የነፋስ ሽውታ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ይሁን እንጂ በቅርቡ ወባ ታምማ ደሟ አንሷል፤ የደም ማነስም እንዲህ ያሰማል። ስለዚህ የልብ ሕመም የሚያመጣውን ሰማያዊ መልክ በጥፍሯ፣ በምላሷና በድዷ ፈለግሁ። ጥፍሮቿ ለአክስቷ ሠርግ ሂና ተቀብተዋል። ምላሷን ቀዩ የከርከዴ መጠጥ አቅልቶታል። ድዷ በንቅሳት ጠቁሯል።

«ለዚህች ሕፃን ንቅሳት ምን አስቸኮለዎት?» አልኋቸው እናቷን።

«ከንፈሯ ቢጠቁር የሰፈር ልጆች ‹ከሰል ትበያለሽ ወይ?› እያሉ አስለቀሷት። ድዷም ከጠቆረ ጌጥ ይመስልላታል ብዬ ነው፣ ዶክተር።»

የከንፈሯ መጥቆር የልብ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ከወባው በፊት ይሁን በኋላ ብጠይቅ አላስታወሱም።

ዘሐራን እስከ በሩ እንድትሮጥ አዘዝኋት። ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ቁጢጥ አለች።

እናቷ ሳቁ። «ገበያ መሐልም እንዲሁ ናት፤ ሰነፍ!»

እኔ አልሳቅሁም። ልባቸው የታመመ ልጆች ትንፋሽ ሲያጥራቸው እንዲህ ያደርጋሉ። ደሙ ያነሰ ልጅም ይደክመዋል።

ወደ ጎንደር ሆስፒታል የምትሄድበትን ወረቀት ጻፍሁ፤ «የልብ ሕመም» ከሚለው አጠገብ የጥያቄ ምልክት አኖርሁ። ወይዘሮ ፋጡማ ወረቀቱን ይዘው ቆሙ።

«ሕመሟን በንቅሳቱ የሸፈንሁባት እኔ ነኝ?»

«አይደሉም» አልኋቸው። እውነቱን ተናግሬ ይሁን ለማጽናናት ብዬ፣ ይህን ስጽፍም አልለየልኝም።