ለሞጣ እድሮች አንድ ሰርቨር የመረጡት የወይዘሮ ወይንእሸት ገላው የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ወይንእሸት ገላው ከአባታቸው ከአቶ ገላው ፋንታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይርጋነሽ አካለ ወልድ በ1967 ዓ.ም. በብቸና ከተማ ተወለዱ። ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ይታገስ እንደማስታውሰው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያመኑበትን በልመናም በቁጣም የማይለቁ ነበሩ። እናታችን «በአባቷ ወጥታ ነው» ይላሉ፤ አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በእናቷ ነው ይሉ ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በብቸና ተከታትለው በ1986 ዓ.ም. አጠናቀቁ። በመምህርነት ሠልጥነውም በጉንደ ወይን ሒሳብ አስተማሩ። በ1994 ዓ.ም. ከሥራ ባልደረባቸው ከአቶ የኔሰው አላምረው ጋር ጋብቻ ፈጽመው ንጋትንና ቢያድግልኝን ወለዱ። ባልና ሚስቱ ኮምፒውተር ተምረው በ1999 ዓ.ም. ሞጣ ላይ ማሠልጠኛ ከፈቱ።

የእድር ጥሩምባ ከሞጣ አይወጣም። ልጅ አዲስ አበባ ሆኖ ወላጁ ሲያርፍ፣ ስልኩ ካልተገኘ፣ አፈር ሳያለብስ ይቀራል። ስለዚህ የከተማው እድሮች በ2004 ዓ.ም. የዕረፍት ዜና የሚወጣበት ድረ ገጽ እንዲሠሩላቸው ለሁለቱ አደራ ሰጡ። ድረ ገጹን ቀን ከሌት የሚሸከመው ኮምፒውተር፣ ሰርቨር የሚሉት፣ በምን ሥርዓት ይሥራ በሚለው ላይ ግን ባልና ሚስት አልተስማሙም። አቶ የኔሰው ያስተማርነውም፣ ከተማው የሚያውቀውም ዊንዶውስን ነው አሉ። ወይዘሮ ወይንእሸት ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ ሥርዓት ያዙ፤ አሮጌ ማሽን ይበቃዋል፣ የኢንተርኔት መስመሩ ቢደክም እንኳ ብቸና እናቴ ቤት ሆኜ በጥቂት የጽሑፍ ትእዛዝ አስተካክለዋለሁ አሉ። ነገሩ ከቢሮ ቤት ገባ፤ ኩርፊያ ሆነ።

በአገራችን ባልና ሚስት ሲኳረፉ ዝም ተብሎ አይታይምና፣ የእድራቸው ሰብሳቢ መምሬ ወልደ ኪዳን ሽማግሌ ይዘው ገቡ፤ እኔም ከብቸና መጥቼ አብሬ ተቀመጥሁ። ፍርዱም እንደ ወጉ ለሁለቱም ድርሻ ሰጠ፤ ገጹ በዊንዶውስ ማሽን፣ ገጹ የሚያነበው የስም መዝገብ በሌላ የሊኑክስ ማሽን ይሁን ተባለ። ጉድ እኮ ነው! ማሽን እንደ ርስት ተካፍለን፣ ተመራርቀን ተነሣን።

በ2005 ዓ.ም. ክረምት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሁለቱ ማሽኖች እኩል አልተነሡም። አንዱ ሌላውን አጥቶ ገጹ ባዶ ሆነ። በዚያው ሰሞን ወይዘሮ ዘሪቱ የተባሉ እናት አረፉ፤ ልጃቸው ፈረደ ከአዲስ አበባ የደረሰው መቃብሩ ከተደፈነ በኋላ ነው። ጥፋቱ የዊንዶውስም የሊኑክስም አልነበረም፤ አንዱን ሥራ ለሁለት የከፈልነው እኛ ነን። ወይዘሮ ወይንእሸት ያን ቀን ምርር ብለው አለቀሱ። በማግስቱ ግን ሽማግሎቹ ፊት ቆመው «መምሬ፣ ሰው ይታረቃል፤ ይኼ ግን አንድ ራስ ይፈልጋል። ሁሉንም በመረጥሁት ላድርገው፤ ዳግመኛ አንድ ልጅ እናቱን ሳይቀብር ከቀረ ከእድሩ ሰርዙኝ» አሉ። ከእድር መሰረዝ ቀባሪ ማጣት መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። አቶ የኔሰው እንኳ «ኧረ አንች ሴት፣ ተይ!» ብለው ነበር። መምሬ ግን «ይሁን ልጄ» አሉ።

ሁሉም በአንድ ማሽን፣ በሊኑክስ ሆነ። ከዚያ ወዲህ መብራት ብዙ ጊዜ ጠፍቷል፤ በመብራት ምክንያት የቀረ መርዶ ግን የለም። የየጁቤና የጉንደ ወይን እድሮችም ገቡበት።

በ2009 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ሲጸናባቸው፣ አቶ የኔሰው ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው ሊኑክስን ከባለቤታቸው ተማሩ። ሲሳሳቱ ይቆጧቸዋል፤ ሲሳካላቸው «አየህ አይደል!» ይሏቸዋል። እንዲህ ሲሳሳቁ ቤቱ የታመመ ያለበት አይመስልም ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሚያዝያ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በተወለዱ በ43 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኛን ወንድሞቻቸውን ትተውን ሄዱ። እኅቴ ሆይ፣ ቤታችን ጎደለ።

የዕረፍታቸውን ዜና በድረ ገጹ ያወጡት አቶ የኔሰው ናቸው። ብዙዎቻችሁ ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር ያነበባችሁት እሱን ነው። ቀብሩ በትውልድ ከተማቸው ስለ ነበር፣ የሞጣ እድሮችም ድንኳናቸውን ጭነው ብቸና ድረስ መጥተዋል፤ አስከሬኑን የተሸከሙት እነሱ ናቸው።

ብዙዎችን ለወላጆቻቸው ቀብር ያደረሱትን እኅታችንን መድኃኔ ዓለም በደጋጎቹ ማረፊያ ይቀበልልን። አሜን።