በአክሲዮን ወረቀት ላይ ያሉት አሥራ አንድ ሴቶች

ጥር 4 ቀን 1974

ዛሬ ምንም የለም። ጉልበቴ አሞኛል። እያመመኝም ሱቅ ሄድኩ፣ ጨው አልቆ ነበር።

ባለሱቁ ጨውን በጋዜጣ ሊጠቀልል ሲል ከሥሩ የአንዲት ወረቀት ጫፍ አየሁ። አረንጓዴ ሐረግ ያለባት። "በዚያች ጠቅልልልኝ" አልኩት። "አባባ፣ ይቺ አትሆንም፤ ደረቅ ናት፣ አትታጠፍም።" አትታጠፍማ! የአክሲዮን ወረቀት ናት። ጨዉን በመሐረቤ ቋጥሬ፣ ወረቀቷን በደረቴ ይዤ ወደ ላፍቶ አቀበቱን ወጣሁ። ከሷ ጋር ሠላሳ ሰባት ሆኑልኝ።

የምትጽፈው ልጄ ጸሐይወርቅ ናት፣ ከፋብሪካ ፈረቃዋ ስትመለስ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አልደብቅም፣ አላፍርምም። ያልኩትን ብቻ ጻፊ፣ አታሳምሪ ብያታለሁ። ለማን ነው የማስጽፈው? ለራሴ። ለሌላ ለማን?

ሃያ ሁለት ዓመት በአርመኑ ማተሚያ ቤት የኩባንያዎችን አክሲዮን ሳትም ኖሬያለሁ። ባለቤቱ ሙሴ ካራቤት ብረት ላይ ይቀርጻል፣ እኔ ቀለም ቀብቼ ትርፉን በመዳፌ እጠርጋለሁ። ጥቂት ከጠረግክ ወረቀቱ ይቆሽሻል፣ አብዝተህ ከጠረግክ መስመሩ ይሞታል። ልኩን የሚያውቅ መዳፍ የእኔ ብቻ ነበር። እንዲህ የታተመ መስመር ከወረቀቱ ከፍ ይላል፣ በአውራ ጣት ይታወቃል። ሌላው በዓይኑ ያንብብ። እኔ በጣቴ አነባለሁ።

በስድሳ ሰባት ኩባንያው ሁሉ ሲወረስ አክሲዮኑ ወረቀት ብቻ ሆነ። ግማሹ ሰው በፍርሃት አቃጠለው፣ ግማሹ ለባለሱቅ በኪሎ ሸጠው። እኔ ከበርበሬና ከጨው ላይ እየለቀምኩ ይኸው ሰባት ዓመቴ።

ጥር 15 ቀን

ባለቤቴ እማዋይሽ ጥምቀት ካለፈ ጀምሮ አንድ ነገር ልትለኝ ስትዞረኝ ነበር። ዛሬ አለችው።

"ሠላሳ አንድ ዓመት በሰማንያ ኖርን። እንቁረብ።"

"በዚህ ዕድሜ?"

"በየትኛው ዕድሜ ልቁረብ? በሰማንያ የተጋባን ሞት ይለየዋል ይላሉ። በቁርባን የተጋባን ግን ሞትም አይለየውም። ሁለት ልጅ ቀብሬያለሁ... አንተን ደግሞ እዚያ ሄጄ ልፈልግህ ነው?"

ምን ይባላል? እሺ አልኩ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለራሷ ብላ የለመነችኝ ነገር ትዝ አይለኝም። ይቺ የመጀመሪያዋ ናት።

ጥር 24 ቀን

የንስሐ አባታችን መምሬ ዳኜ ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጡ። ልጄ ይሉኛል። በአሥር ዓመት እበልጣቸዋለሁ። ይሁን፣ ደንቡ ነው።

ወረቀቶቼን ከሳጥን አውጥቼ አልጋው ላይ ዘርግቼ ነበር፣ እርጥበት እንዳይበላቸው። ጠበሉ መረጨት ሲጀምር ሮጬ ጋቢ ጣልኩባቸው።

"ምንድን ነው የምትደብቀው?"

"አልደብቅም። ውኃ እንዳይነካቸው ብዬ ነው።"

"ጠበሉን ነው ውኃ የምትለው?"

ተያዝኩ። ጋቢውን አነሡት። ከላይ የነበረችው ባለ መንኮራኩሯ ናት። አንድ እጇን መንኮራኩሩ ላይ ጥላለች፣ በሌላው የስንዴ ነዶ ይዛለች። ከወገቧ በላይ ምንም የላትም።

"ይህች ማን ናት?"

"ማንም አይደለችም። የኩባንያ ምልክት ናት።"

"ልብሷስ?"

"ሲቀርጿትም አልነበራትም።"

እማዋይሽ መሬት መሬቱን ታያለች። መምሬ አንድ በአንድ ገለጡ። አሥራ አንድ ራቁት ቆጠሩ። አንዷንም አልዘለሉ!

"እነዚህ ከዚህ ቤት ሳይወጡ እናንተን አላቆርብም።"

ደሜ ፈላ። "ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው ላይ ያለችው ሔዋን ምን ለብሳለች?"

"ቅጠል አላት።"

"ቅጠል ልብስ ነው?"

"ልጄ፣ ሔዋን አፍራ ነው ቅጠል ያደረገችው። እነዚህ አላፈሩም። ፊታቸውን እየው።"

እውነታቸውን ነው፣ አላፈሩም። የምወዳቸውም ለዚያ ነው... ይህን ግን ለመምሬ አላልኩም።

እማዋይሽ እስከ በር ሸኘቻቸው። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። "ወይ እነሱ ወይ እኔ" አላለችም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 27 ቀን

ወዳጄ ጉርሜሳ ከፉሪ በእግሩ መጣ። ባንክ ቤት ተላላኪ ነበር፣ እሱም ይሰበስባል። ሰው "የከበርቴ ወረቀት" ብሎ እንዳይጠቁመው ዶሮ ቤት ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ወረቀቱ ሁሉ ኩስ ኩስ ይሸታል።

የሆነውን ነገርኩት። እስኪያስለው ሳቀ።

"እኔ ባቡርና መርከብ ብቻ የምሰበስበው ለምን መሰለህ? ባቡር ራቁቱን ቢሄድ ማን ይናገረዋል?"

"አንተ ፈሪ ስለሆንክ ነው።"

"ፈሪ ነኝ፣ ሚስቴ ግን ታናግረኛለች። ይልቅ አሥራ አንዱን ለእኔ ስጠኝ። እዚያ ዶሮ ቤት ይቀመጡልህ።"

"የባቡር ሰው አልነበርክ?"

"በአደራ ነው! በአደራ!"

አደራውን ፊቱ ላይ አየሁት።

ቆይቶ ደግሞ ቁም ነገር ጠየቀኝ። ፈረንጅ ገንዘብ የሚሰበስብበት ወረቀት ላይ ራቁት ሴት ምን ትሠራለች? ለዓይን አምሮት ነው አለ። አይደለም አልኩት። ሙሴ ካራቤት ነግሮኛል። ልብስ ስሕተት ይደብቃል፣ ገላ አይደብቅም። አጭበርባሪ ወረቀት አስመስሎ ሊሠራ ሲነሣ ቀሚስ ቢሆን እጥፋቱን ያምታታዋል። ትከሻና ጡት ላይ ግን አንዲት መስመር ከሳተ ሕፃን እንኳ "ይሄ ነገር ጤነኛ አይደለም" ይላል። እርቃኗ የወረቀቱ ዘበኛ ነው።

"ይህን ለመምሬ ንገራቸዋ" አለኝ።

ለመምሬ? እሳቸው ስለ ነፍስ ሲያወሩ እኔ ስለ አጭበርባሪ ላወራ?

የካቲት 3 ቀን

እማዋይሽ ምግብ ታቀርባለች፣ አብራኝ አትበላም። አንድ ቀን ሳጥኑን ተሸክሜ ጉርሜሳ ቤት ልወስደው ተነሣሁ። በሩ ጋ ደርሼ ተመለስኩ። ሃያ ሁለት ዓመት የጠረገ መዳፍ ሥራውን ለዶሮ አይሰጥም። ግን እሷስ? የቱን ልተው? ደከመኝ።

የካቲት 7 ቀን፣ እሑድ

የቀበሌ ስብሰባ። ስም ይጠራል፣ የቀረ ስኳር አያገኝም። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ወገቤ ተቆረጠ። ስለ ምን እንደተወራ አትጠይቁኝ።

ቤት ስገባ ሳጥኑ አልጋው ላይ ነው። ክፍት። እማዋይሽ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፣ መርፌው ከነክሩ ቀሚሷ ላይ ተሰክቷል።

አለበሰቻቸው። አሥራ አንዱንም። አሮጌ ነጠላዋን ቀድዳ፣ ለእያንዳንዷ ልክ ቆርጣ፣ በወረቀቱ ላይ ሰፍታቸዋለች። ጥለት አላቸው። የጣት ጥፍር የሚያህል ጥለት! ባለ መንኮራኩሯ በቀይና በቢጫ፣ መልሕቅ የያዘችው በሰማያዊ...

ወረቀቱን ገለበጥኩት። ከጀርባው ክር በክር ሆኗል። የመርፌ ቀዳዳ። በገላዋ መስመር ላይ።

"ወጋሻቸው!"

"ላቃጥላቸው አልቻልኩም፣ ትወዳቸዋለህ። ራቁታቸውን ልተዋቸው አልቻልኩም። ምን ላድርግ አንተ ሰው?"

"ወጋሻቸው እኮ ነው የምልሽ!"

"የሴት ልጅ ጆሮም ይወጋል። ይሽራል።"

ወጥቼ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ብርድ እስኪያንቀጠቅጠኝ አልገባሁም።

የካቲት 8 ቀን

ምንም አላስጽፍም።

የካቲት 11 ቀን

እማዋይሽ ገበያ ስትሄድ ሳጥኑን ከአልጋው ሥር ሳብኩት። ልፈታቸው ነበር የፈለግሁት፣ ምላጭ ይዣለሁ።

ባለ መንኮራኩሯን አነሣሁ። ልብሱ በአንገቷ ሥር ወርዶ፣ በብብቷ ዞሮ፣ ወገቧ ላይ ይገባል። ልኩ ነው። ከመስመሩ አልወጣም፣ አላነሰም። በጣቴ ሄድኩበት። እኔ ሥራ አውቃለሁ፣ ይሄ ሥራ ነው። እንዲህ ለመቁረጥ ደግሞ ገላውን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል። ቀና ብላ ልታያቸው ያፈረች ሴት...

ምላጩን መልሼ አስቀመጥኩ።

ከገበያ ስትመለስ ጠየቅኋት። ጸሐይወርቅም ነበረች።

"ስንት ሰዓት ፈጀብሽ?"

"አንተ ከወጣህ እስክትመለስ።"

"ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የሰፋሽው?"

"ተጨፍኖ ይሰፋል? አየኋቸዋ።"

"የቷ አስቸገረችሽ?"

ዘንቢሏን አስቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ሌላ ነገር የምታወራ መስላ፦ "ባለ መንኮራኩሯ። ትከሻዋ ያምራል። ልሸፍነው ብዬ ሳሳሁ... ትንሽ ዝቅ አደረግኩት።"

ጸሐይወርቅ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓሮ ወጣች።

ወረቀቶቹ ተበላሽተዋል፣ ይህንንም ጻፊ። ሙሴ ካራቤት ቢያያቸው ያለቅስ ነበር። የተቀደደ አይሰፋም፣ የተወጋም አይደፈንም። ግን ከእማዋይሽ ጋር ከጥር ወዲህ ዛሬ ነው አብረን የበላነው።

መጋቢት 4 ቀን፣ ቅዳሜ

መምሬ ዳኜ ሊያዩ መጡ። እማዋይሽ ራሷ ሳጥኑን ከፈተች፣ ወረቀቶቹን አልጋው ላይ ደረደረቻቸው።

መምሬ ረጅም ጊዜ አዩ። ጢማቸውን አሻሹ። ቀጥሎ በጭራቸው እጀታ የባለ መንኮራኩሯን የልብስ ጫፍ ገለጥ አደረጉ።

"አባቴ!" አለች እማዋይሽ። እንዲህ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። "የለበሰች ሴት ልብሷ ይገለጣል?"

"ለማረጋገጥ ነው እንጂ..."

"ምኑን ሊያረጋግጡ?"

ጾም ባይሆን ኖሮ እስቅ ነበር። ከንፈሬን ነክሼ ጣሪያውን አየሁ። መምሬ ጭራቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ፣ ሁለት ጊዜ አሳላቸው። "በዳግም ትንሣኤ ትቆርባላችሁ" አሉና ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ።

እኔ አሥራ አንዱ ከቤት እንዲወጡ ነበር የተጠየቅሁት። አልወጡም። ረታሁ ልበል? አላልኩም። የረታሁት እኔ አይደለሁም።

ሚያዝያ 18 ቀን

ትናንት ቆረብን። ጉልበቴ ቅዳሴውን አልቻለውም፣ በመቋሚያ ተደግፌ ጨረስኩ። እማዋይሽ ከሴቶቹ በኩል ሆና አሥር ጊዜ ዞር ብላ አየችኝ፣ ወድቄ እንደሆነ። አልወደቅሁም።

ቤት ስንመለስ ጫማዬን እያወለቀችልኝ "አሁን የትም አትሄድም" አለችኝ። የት እሄዳለሁ?

ግንቦት 2 ቀን

ጉርሜሳ መጣ። ሐና ማርያም አካባቢ ወሬው ደርሶታል። ለማየት ነው አለ። አየ። ወዲያው ዓይኑ ተቀየረ።

"ባለ መንኮራኩሯን ስጠኝ። ሁለት ባቡርና አንድ መርከብ።"

"አንተ ሰው፣ ራቁቷን ሳለች በአደራ ነበር የፈለግካት።"

"አሁንማ እንዲህ ያለች በዓለም የለችም! ነጠላ የለበሰች የፈረንጅ አክሲዮን የት አየህ?"

"ከእማዋይሽ ጋር ተነጋገር።"

ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና አላለችም። "አትለወጥም።"

"እትዬ እማዋይሽ፣ ሦስት ባቡር!"

"ባቡር ምን ያደርግልኛል? ምኑን አለብሰዋለሁ?" ከምስሩ ጠጠር አውጥታ ወረወረች። "ዶሮ ቤትህ ውስጥ ራቁቷን ያለች ካለችህ ግን አምጣት። ብርድ ላይ አትተዋት።"

ጉርሜሳ ፊቱ ቀላ። አለችው ማለት ነው! የባቡር ሰው!

ወደ እኔ ዞረ። "ቀጄላ፣ አንተስ ምን ትላለህ?"

ምን እላለሁ? ሳጥኑ ከአልጋው ሥር ከወጣ ሰንብቷል። አሁን እማዋይሽ ራስጌ ነው ያለው።