ባለ ፕሮፔለሯ መኪና

ጥቅምት 4

ዝናብ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሦስት አንባቢ፤ ሁለቱ ተኝተዋል። ሦስተኛው መጠለያ ፈልጎ የገባ ይመስለኛል፤ መጽሐፉን ገልብጦ ነው የያዘው።

ከሥራ ስወጣ ጋሼ ቤት ጎራ አልኩ። ታላቅ ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ በርና መስኮት ሲሠራ ኖሮ፣ አረፍ በል ሲባል ግቢው ውስጥ መኪና ሠራ። ሞተሩ ጎማ አያዞርም። የሚያዞረው ከኋላ የተሰካ፣ እንደ አውሮፕላን ማራገቢያ ያለ የእንጨት ፕሮፔለር ነው፤ እሱው የጠረበው። ትናንት ሲሞክረው የጎረቤቱን አንሶላ ከገመድ አንስቶ ጣሪያ ላይ አሰጣው። ሴትየዋ መጥታ፣ ነገ ብርድ ልብስ ላጥብ ነው፣ ወዴት እንደሚሄድ ከአሁኑ ይንገሩኝ አለችው።

ክለባችን በኅዳር ለሚያካሂደው የፍጥነት ውድድር መመዝገብ ይፈልጋል። የክለቡ ጸሐፊ እኔ ነኝ... በሕይወቱ ፈጥኖ ነድቶ የማያውቅ የፍጥነት ክለብ ጸሐፊ። ማመልከቻውን ተቀበልኩ።

ጥቅምት 9

የኮሚቴ ስብሰባ። አጀንዳው አንድ፦ ቤት ውስጥ የተሠራች ባለ ፕሮፔለር መኪና ከመኪኖች ጋር ትወዳደር ወይስ አትወዳደር?

መለዋወጫ ነጋዴው አልፈለገም። "ሞተሩ ጎማ ካላዞረ መኪና አይደለም። ይሄ መብረር ፈርቶ መሬት የቀረ አውሮፕላን ነው።" የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኟ ደግሞ መሪ አላት፣ ፍሬን አላት፣ አራቱም ጎማዋ መሬት ይነካል፣ ከተማሪዎቼ መኪና በዚህ ትበልጣለች አለች። ሊቀመንበሩ መድኃኒት ቤት አለው፤ ሁሉን ነገር እንደ ኪኒን በቀን በቀን ከፍሎ ነው የሚሰጠው። ለሳምንት ይደር አለ።

ሊቀመንበሩ ድምፅ አይሰጥም። ሁለቱ እኩል ስለሆኑ የቀረው የእኔ ነው። ወንድሙ አይደለሁ? እንዳዳላ አይፈሩም? ብዬ ጠየቅኩ። ነጋዴው ሳቀ፦ "ይወስን ተዉት። ለወንድሙ ያዳላ ወንድም እኔ አላየሁም።"

ጥቅምት 12

ጋሼን ዐይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ቀኝ ዐይኑ የለም ማለት ይቻላል። ግራው በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው፣ ፊት ለፊት ትንሽ ክብ ብቻ። ሐኪሟ ሳትሸፋፍን ነገረችን፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም ይቆያል ብላ ቃል አትገባም። የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እስከ ኅዳር ይቆያል?

በር ሲሠራ የኖረ ሰው ሰሞኑን ከመቃን ጋር ይጋጭ ነበር። ቀልድ መስሎኝ...

ታክሲ ውስጥ ክንዴን ያዘኝ።

"ለነዚያ ሰዎች ትንፍሽ እንዳትል።"

"ጋሼ፣ እንዴት አድርገህ ልትነዳ?"

"መንገዱ ቀጥ ያለ ነው።" ክንዴን ሳይለቅ፣ "በአዘኔታ የሚያስገቡኝ ከሆነ ይቅርብኝ። ስለ መኪናዋ ይከራከሩ፤ ስለ እኔ አይደለም።"

ጥቅምት 13

እንቅልፍ እምቢ አለ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው... ቀጥ ያለ መንገድስ ቢሆን ጠርዝ የለውም?

ጥቅምት 16

ሁለተኛው ስብሰባ። ነጋዴው ዛሬ አልቀለደም። ፕሮፔለሩ ጠጠር አንስቶ ከኋላ የቆመ ሰው ላይ ቢለቅስ? ቢሰበርስ? እውነቱን ነው። እንደሱ አይነት ሰው እውነት ሲናገር ያናድዳል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ውድድሩ ፍጥነት የሚለካ እንጂ የፍጥነቱን ዘር የሚቆጥር አይደለም አልኩ። ብቻዋን ትሩጥ፣ ፕሮፔለሩ በሽቦ ይከለል፣ ከኋላዋ ማንም አይቁም። ሊቀመንበሩ ራሱን ነቀነቀ። ተፈቀደ።

ስለ መኪናዋ ጠየቁኝ፣ ስለ መኪናዋ መለስኩ። አንድም ውሸት አልወጣኝም። ታዲያ ወደ ቤት ስመለስ ለምን በጓሮ መንገድ ሄድኩ?

ለጋሼ ነገርኩት። ፕሮፔለሩን በመዳፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰው፤ እንደ ልጅ ራስ።

ኅዳር 2

ነገ ውድድሩ ነው። በክለባችን ልማድ አሽከርካሪ በዋዜማው መስመሩን ከኮሚቴ አባል ጋር በእግሩ ይሄደዋል። ጋሼን እኔ ይዤው ወጣሁ። ሞተር የሚጠፋበት ቦታ ላይ፣ ከመንገዱ በስተቀኝ ቀይ ባንዲራ ተተክሏል። እሱን ያለፈ መኪና ቶሎ ካላቆመ አጥሩ ውስጥ ይገባል።

"ዝም በል፣" አለኝ። "ባንዲራው ጋ ስንደርስ እኔ እነግርሃለሁ።"

ሄድን። ስለ እንጨት አወራኝ፤ የትኛው ይሰነጠቃል፣ የትኛው ይታገሣል። ባንዲራው ደረሰ። ጨርቁ ትከሻውን ሊነካው ምንም አልቀረውም። አለፍነው። አጥሩ ታየኝ።

"ገና ነው?" አለ።

"አልፈነዋል ጋሼ።"

ቆመ። ወደ ኋላ ዞሮ በዚያች ቀዳዳው ፈለገው፣ ፈለገው። አገኘው መሰለኝ። ዳር ላይ ካለ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠና ጫማውን አየ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

በመጨረሻ፣ "አንተ ንዳት" አለኝ።

"ጋሼ፣ እኔ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ።"

"እሷ አታውቅም።"

ኅዳር 3

ነዳሁ።

ለሊቀመንበሩ እውነቱን ራሱ ጋሼ ነገረው፣ አጭር አድርጎ። ማንም ከንፈር አልመጠጠም፤ ስለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። አሽከርካሪ መቀየር ይቻላል ተባለ። የመኪናዋ ጩኸት ጥርስ ያስነቅላል። መጀመሪያ ምንም አልሆነም፣ ቀጥሎ አንድ ትልቅ እጅ ከጀርባዬ ገፋኝ። ባንዲራው ጋ ሞተሩን አጠፋሁ። ቆመች።

ከተወዳደሩት ሁሉ የመጨረሻ ወጣን። ነጋዴው መጥቶ ፕሮፔለሩን ዞሮ አየው፣ ከዚያ የጋሼን እጅ ጨበጠ። "መኪና ናት፣" አለው። "ቀርፋፋ መኪና።" ጋሼ ከጥቅምት ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አላየሁትም።

ማታ ቤቱ አደረስኩት። መኪናዋን ሸራ አለበስናት፤ ገመዱን እኔ አሰርኩ፣ ቋጠሮውን እሱ በጣቱ አረጋገጠ። በሩ ላይ ቆመን ሳለ፣ "ስታልፍ ፈልጌ አጣኋት" አለኝ። "ድምፅዋ ብቻ አለፈ። እንዴት ነበረች?"

ልመልስ አፌን ከፈትኩ... እኔ ውስጧ ነበርኩ። እሱም ስንት ጊዜ ሲሞክራት ውስጧ ነበር።

ከሁለታችን ስትሮጥ ያያት የለም።