በወረቀቱ ላይ የጻፍኩት ቁጥር

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ወንዴ፤ ጅግጅጋ

እንደምን ሰንብተሃል? ከመኪና ሥር ወጥተህ ቀና ስትል የሚይዝህ ወገብህ ተሻለህ ወይ? ማኅሌትስ ደህና ናት? ሣራ ስንተኛ ክፍል ደረሰች? ባምላክ አቧራውን ለመደው ወይስ አሁንም ያስነጥሰዋል? እኔ በአካሌ ምንም አልሆንኩም። ላሊበላ ብርዱ ጠንክሯል፤ የገና እንግዳ ወጥቶ አልቋል፤ ከተማው ባዶ ሆኗል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጻፍልህ፦ አባዬ በሕይወት አሉ። ይህን የማስቀድመው እናታችን የሞተች ጊዜ «ታማለችና ቶሎ ና» ብዬ ስለጠራሁህ ነው። አንተ መድኃኒት ገዝተህ መጣህ፣ እኛ ድንኳን ጥለን ጠበቅንህ። ያንን አልረሳኸውም፤ እኔም አልረሳሁትም። አሁን አባዬ ታመዋል ስልህ ታመዋል ማለቴ ነው። በአሸተን ማርያም እምልልሃለሁ።

ስለ ሥራዬ በስልክ ጠይቀኸኝ መስመሩ እየተቆራረጠ በደንብ አልነገርኩህም። የምሠራው የቆዳ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ሐኪሙ በወር አንድ ሳምንት ይመጣል። እያንዳንዱ በሽታ ቁጥር አለው፤ ሐኪሙ ለሚሠራውም ሁሉ፣ ለቆረጠው፣ ለፋቀው፣ በብርድ ላቃጠለው፣ ለወጋው፣ እንደዚሁ ቁጥር አለ። እኔ ካርዱን አይቼ ሁለቱን ቁጥሮች አጋጥሜ ለጤና መድን እልካለሁ። በሽታውና ሥራው ካልተገጣጠሙ መድኑ አይከፍልም፤ ወረቀቱን ይመልሰዋል። ኪንታሮት እንደ በግ እየተቆጠረ ነው የሚጻፈው። አንድ የፍላቂት ሰው እጁን ዘርግቶ ስቆጥርለት «ትልቁን ብቻ ጻፊው እቴ፣ ግልገሎቹ ይከተሉታል» ብሎ አስቆኛል። ስምንት ዓመት እንዲህ ስጽፍ አንድም ወረቀት በእኔ ስህተት አልተመለሰም ነበር።

አባዬ ከዓይናቸው ሥር፣ በግራ ጉንጫቸው፣ ቁስል የወጣባቸው አምና በክረምት ነው። ሁሉም ቁንጭር ነው አለ። እኛ አገር ገደል ሥር ያደገ ሰው ፊቱ ላይ ቁስል ሲወጣበት ሌላ ስም አይሰጠውም፤ ታክሞም ሳይታከምም ጠባሳ ትቶ ይሄዳል። ይኼ አልሄደም። መስከረም ላይ ለምኜ ከብልባላ አመጣኋቸው፤ ሐኪሙ ከቁስሉ ናሙና ቆርጦ ላከ። ውጤቱ ጥቅምት 12 ቀን እኔ ጠረጴዛ ላይ መጣ። ፊደሉን ከማንበቤ በፊት ቁጥሩን አየሁት። ካንሰር ነው።

ሐኪሙ በመጣ ጊዜ «ቶሎ ተቆርጦ ከወጣ ተስፋ አለው፤ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላኪያቸው፣ ወረቀቱን አዘጋጂና እፈርማለሁ። ለአባትሽ ማን ይንገራቸው?» አለኝ። እኔ እነግራቸዋለሁ አልኩት። ጋሼ፣ አባዬን ታውቃቸዋለህ። ሠላሳ ዓመት የቀበሌ ዳኛ ሆነው ሁለቴ ያላነበቡትን ወረቀት ፈርመው አያውቁም። ወደ ሆስፒታል የሚሄደውን ወረቀት የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ቁጥሩን ስታስገባለት የበሽታውን ስም ራሱ በፊደል ያወጣዋል። በእኛ ዘንድ መርዶ እንኳ የሚነገረው በማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ ነው፤ እኔ ግን አጠገቤ ማንም አልነበረም። አንተ ጅግጅጋ፣ እናታችን አፈር ውስጥ። ስለዚህ የቁንጭርን ቁጥር አስገባሁ። ወረቀቱ «ቁንጭር፣ በናሙና የተረጋገጠ» ብሎ ወጣ። ሐኪሙ ከሃያ ወረቀት ጋር ደርቦ ፈረመው። አባዬ ሁለቴ አንብበው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና «ይኸው፣ ሁላችንም ያልነው ነው» አሉ።

ያሰብኩት ሆስፒታሉ ውስጥ ላለች፣ በሥራ ለማውቃት ነርስ ደውዬ እውነተኛውን ለመንገር ነበር። ስልክ ዘጠኝ ቀን ጠፋ። ሲመጣ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ አላነሱትም። ሦስተኛ አልደወልኩም። ሐኪም ነው፣ አይቶ ያውቃል፣ ብዬ ተውኩት። እነሱ ደግሞ ተረጋግጧል የሚል ወረቀት ይዘው ምን ብለው ይጠራጠሩ? የቁንጭር መርፌ ሃያ ስምንት ቀን ወጓቸው። ሲመለሱ ከስተው፣ መገጣጠሚያቸውን እያመማቸው፣ ቁስሉ ወደ ዓይናቸው ሽፋን ወጥቶ ነበር።

በታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ የመርፌው ሒሳብ ከመድኑ ተመልሶ፣ የላክናቸው እኛ ነንና፣ ወደ እኛ መጣ። እዚያ ወረቀት የምትመረምረው ንጋት የምትባል ልጅ ለናሙናው ሒሳብ ከላክነው ውጤት ጋር አስተያይታ «ናሙናው ሌላ ይላል፣ ሕክምናው ሌላ፤ ማብራሪያ ይሰጥ» ብላ ጽፋበታለች። መልስ መጻፍ የእኔ ሥራ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ጽፌ ለሐኪሙ አስረከብኩት። ቁጭ ብሎ አነበበው። አልጮኸብኝም። «ሩቅ ያለ ሐኪም መጀመሪያ የሚያየው የአንቺን ቁጥር ነው፤ ሰውየው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው» አለና እስከ ጥር ሦስት ካልነገርሽ እኔ እነግራቸዋለሁ አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ካርድ ክፍል ነኝ። ካርድ አወጣለሁ፣ ካርድ እመልሳለሁ። ቁጥር አያስነኩኝም። ከሥራ ጓደኞቼ ጋር የምሳ ሰዓታችን አልገጥም ብሏል፤ እንዲገጥምም የሚሞክር የለም።

ጥር 2 ቀን በአይሱዙ ጀርባ ብልባላ ሄድኩ። አባዬ ደጅ ፀሐይ ላይ ነበሩ፤ ምግብ የምታደርስላቸው ጎረቤታችን እትዬ ብርቅዬም ነበረች። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ልክ ምስክር እንደሚጠይቁ ጀመሩኝ። ካወቅሽ ስንት ቀንሽ ነው? ሰማንያ ቀን። መርፌው ሳይጀመር ነው ያወቅሽው? አዎ። እደነግጣለሁ ብለሽ ነው? አይደለም አባዬ፣ መናገሩን ፈርቼ ነው። «እሱስ እውነት ነው» አሉ። እትዬ ብርቅዬ ጣልቃ ገብታ «ለእርስዎ አዝና ነው እኮ፣ አይጨክኑባት» ብትላቸው «አዝናማ ነው፤ በሐዘኗ ጉንጬን አስበላችው» አሏት። እትዬ ብርቅዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተነሥታ ሄደች።

ከዚያ ጉዳዩን ቆረጡት። አዲስ አበባ ሄደው ይቆረጥላቸዋል፤ አልፈሩም። ሐኪሙ የአዲስ አበባውን ሆስፒታል በስልክ አናግሮ ለየካቲት 4 አስይዞላቸዋል። ዓይኑም አብሮ ሊወጣ ይችላል ብሏል፤ ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ። ከዚህ በላይ ከቆየ ግን ቢላዋ አይደርስበትም። የሚሄዱት ግን ከእኔ ጋር አይደለም። እኔ ፈቃድ ጠይቄ ልብሴን ሁሉ አሰናድቼ ነበር። «መንገድ ላይ ሐኪሙ ምን አለ ብዬ ስጠይቅሽ መልስሽን ማመን አለብኝ፤ አላምንሽም» አሉኝ። «ወንዴን ጥሪው። ያደረግሽውን በእጅሽ ጽፈሽ ጥሪው። ካልመጣ እዚሁ እቀመጣለሁ።» አስታራቂ ልልክባቸው አስቤ ነበር፤ ሽማግሌ ምን ብሎ ይጀምራል? ደግሞም እውነታቸውን ነው።

እንግዲህ የጠራሁህ ለዚህ ነው። እስከ ጥር 28 እዚህ ብትደርስ ይበቃል። ጋራዡ አንተ ከሌለህ እንደሚዘጋ አውቃለሁ። ማኅሌትም ለብቻዋ ይከብዳታል። ቢሆንም ሌላ ሰው አልጠሩም። መምጣት የማትችል ከሆነ ደግሞ ቁርጡን ንገረኝ እንጂ «እሞክራለሁ» አትበለኝ፤ እሱን ይዤ እሳቸው ፊት መቆም አልችልም። እውነተኛው ቁጥር ያለበት አዲሱ ወረቀት በእጃቸው ነው፤ ሐኪሙ ራሱ ጽፎ ልኮላቸዋል። በመንገድ ጥያቄያቸው ብዙ ነው። ያልገባህን አልገባኝም በላቸው፤ የገባህን እንዳለ ንገራቸው።

ይህን ደብዳቤ የማደርሰው በአባስ ነው፤ ጤፍ ጭኖ ድሬዳዋ የሚመላለሰው የወልዲያው ሹፌር። ለጅግጅጋ መኪና እሰጠዋለሁ ብሎኛል፤ ያቆያል ብዬ አልሰጋም።

ማኅሌትን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ባሏን በሥራ ቀን የወሰድኩባት እኔ መሆኔንም አትደብቃት። ለሣራ ደብተር ግዛላት፣ ከእኔ ነው በላት። ባምላክን አገላብጠህ ሳምልኝ፤ አላውቃትም ካለ አታስገድደው። አብሮህ ለሚሠራው ለመሐመድኑር፣ ለእናቱም ለእማማ ነሲባ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። እትዬ ብርቅዬ ሰላም ብላሃለች።

ስትመጣ ላሊበላ እኔ ዘንድ አትረፍ፤ ከመኪና እንደወረድክ በቀጥታ ወደ ብልባላ እለፍ፣ ጊዜ እንዳያልፍባቸው። በመንገድ ስለ እኔ ከጠየቁህ ደህና ናት በላቸው። ካልጠየቁህ ስሜን አታንሣባቸው።

እህትህ ይማርሽ
ላሊበላ፤ ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.