ነፍሰ ገዳይ ያልኩ ጊዜ

ኅዳር 5፣ ጁምዓ
ማዳም ዕረፍት ሰጠችኝ። እሷ ቤት፣ ማንሺያ፣ መመላለስ የለም፤ እዚሁ ሰፈራችን ካላክላ ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። ጎረቤታችን ጋሼ ፍሬው መጡ። አገር ቤት ሕግ አስተማሪ ነበሩ፤ እዚህ በስደት ዘበኛ ናቸው። ስለ ጽንስ ማስወረድ ወሬ ተነሳ።
«ነፍስ ማጥፋት ነው። ያስወረደችዋን ሕጉ እንደ ገዳይ ይቅጣት!» አልኩ።
«እንደ ገዳይ? ዕድሜ ልክ እስር? ትንሣኤ፣ እርግጠኛ ነሽ?»
«እሱ እንኳ ይበዛል... ምስኪን ናት።»
«ገዳይ ካልሻት የገዳይ ፍርድ ስጪያት። ከከበደሽ ሌላ ስም ፈልጊ።»
ተናደድኩ። አብራኝ የምትኖረው መሲ ሁሉን እየሰማች ልብሱን ታሰጣ ነበር።

ኅዳር 8
የጋሼ ነገር ከነከነኝ። ኃጢአት መሆኑን አልጠራጠርም። ወንጀልስ?

ኅዳር 11
ተመስገን። መሲ ተርፋለች።
ትናንት ጠዋት ሽንት ቤት በር ላይ ወድቃ አገኘኋት። ደም በደም... ከገበያ ኪኒን ገዝታ ውጣ ኖሯል። ማርገዟን እንኳ አላወቅሁም! በባለሦስት እግሩ ረክሻ ውስጥ አቅፌያት «ምነው ሳትነግሪኝ?» ብላት፣
«እትዬ፣ ገዳይ ናት አላልሽም?»
ይበልጥ ወደ ደረቴ አስጠጋኋት።
ሆስፒታል በር ላይ ፖሊሱ ምን እንደወሰደች ጠየቀኝ። «ማ ባዕሪፍ» አልኩት። አላውቅም... ዋሸሁ። ገዳይ ናት ብዬ ባምን እዋሽላት ነበር?
ጦይባ የምትባል ነርስ ፖሊሱን «ኻላስ፣ በቃ! መጀመሪያ ደሟ ይቁም» ብላ አስገባችን። እግዜር ይስጣት። ወልዳ ትሳም።

ኅዳር 14
መሲ ስትፈቅድልኝ ለጋሼ ነገርኳቸው። «አላልኩሽም?» ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አላሉም።
«እኔም ሁሉን አላውቀውም» አሉ። «ግን ለምናውቃት ያቃተንን ፍርድ፣ ለማናውቃት እንዴት እንመኛለን?»
ጽንሱ ነፍስ ነው፤ ዛሬም አምናለሁ። አልቅሼለታለሁ። መሲን ግን ለፖሊስ አልሰጥም። እሷን ካልሰጠሁ የሌላ ሰው ልጅንም አልሰጥም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይከብዳል... ቢሆንም ግብዝነት የለበትም። ጋሼ ሳይንቁኝ ስላስተማሩኝ ደስ አለኝ።

ኅዳር 21፣ እሑድ
ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ «ሕጉ ይጥበቅ» ሲሉ እንደ ልማዴ እንዳግዛቸው ጠበቁ።
«ኃጢአት ነው» አልኩ። «ግን እህታችሁ ብታደርገው፣ ታሳስሯታላችሁ?»
ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ።
«እኔ አላሳስራትም። ስለዚህ ከእንግዲህ ገዳይ አልላትም።»
አንዷ ተቆጥታ ተነሳች። ሌሎቹም ፊት ነሱኝ። ስወጣ ግን አንዲት በስም እንኳ የማላውቃት ሴት በር ላይ እጄን ያዘችኝ።
«እኔም ካደረግሁት ስድስት ዓመት ሆነኝ... ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»
እስከ አውቶቡስ ድረስ አብረን ሄድን። እሷ አወራች፤ እኔ ሰማሁ።